ቡናው ሳይንጣጣ፦ የዓረብ ቡናና የዓደን ሻሂ የሥራ ማስታወሻ፣ ከጅዳ

ቅዳሜ ማታ

ጅዳ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ ቡና መቅዳት ነው። እዚህ በሠርግና በመልካ፣ ማለትም በኒካሕ ድግስ፣ ቡና እየዞሩ የሚቀዱ ሴቶች "ሰባባት" ይባላሉ፤ ቡናውን የሚያፈሉትና መስተንግዶውን የሚይዙት ደግሞ "ቀህወጂያት" ናቸው። እኔ ሰባባ ነኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቡናው በፔርሙስ ተሞልቶ ይሰጠኛል፣ እኔ ወደ ደላ፣ ወደ ዓረቦቹ የቡና ማንቆርቆሪያ፣ ገልብጬ ከወንበር ወንበር እዞራለሁ። በየትኛው ድግስ ላይ ጥሩ ቡና እንደተፈላ ክዳኑ ሲከፈት ከሽታው ብቻ እለያለሁ። ራሴ አፍልቼው ግን አላውቅም።

አሁን ተጠየቅሁ። ሰፈሩ ሁሉ "ኻላ" የሚላቸው አንዲት እናት አሉ፤ አክስቴ እንደማለት ነው። የልጅ ልጃቸው መልካ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። አርባ ሴት ይጠራል። ባለፈው ድግሳቸው ተፈጭቶ ከነቅመሙ የታሸገ ቡና ቀርቦ አዝነው ነበርና "አንቺ የቡና አገር ልጅ አይደለሽ? ለምን አንቺ አታፈይውም?" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ቤት ገብቼ ሳስበው ነገሩ ከበደኝ። ያደግኩት ወሎ ነው። ቡና ለእኔ ምጣድ ላይ ተንጣጥቶ፣ ወዙ ወጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ጭሱ ለተሰበሰበው ሰው ዞሮ፣ በጀበና ተንተክትኮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ የሚጠጣ ነው። የእነሱ ቡና ደግሞ ቀለሙ ነጣ ያለ ወርቅማ ነው፤ ስኳር አይገባበትም፤ ጣዕሙን የሚይዘው ሄል ነው። ፍሬው አንድ ነው፣ ሙያው ግን ሌላ ነው። ብዙ የአገሬ ልጆች እንደ እኔ ሲቀዱ ይኖሩና ማፍላቱን ሳይማሩ ይቀራሉ። ለእነሱም እንዲሆን የምሠራውን ሁሉ፣ የተበላሸውንም ጭምር፣ እዚህ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ በለድ

ከሥራ በፊት ወደ በለድ ወረድኩ፤ በ2014 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የተመዘገበው አሮጌው የጅዳ ከተማ ነው። ሱቅ አል-ዓለዊ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አንድ የየመን ሽማግሌ አሉ። የጥሬ ቡና ከረጢቶች አፋቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል፤ በየከረጢቱ ላይ በካርቶን ቁራጭ ስም ተጽፎ ተሰክቷል፦ ኸውላኒ፣ ሀረሪ፣ በሪ፣ ለቀምቲ። ኸውላኒ ከጃዛን ተራሮች የሚመጣ የራሳቸው ቡና ነው። ሀረሪ የሐረር መሆኑን ማንም ያውቃል። ለቀምቲ ሲባል ግን ስንት ዓመት ስሰማው የዓረብኛ ቃል ይመስለኝ ነበር።

"ይሄኛው ከየት ነው የሚመጣው?" አልኳቸው።

"ከእናንተ ነዋ፣ ልጄ" አሉኝ።

ለቀምቲ፣ ለቀምቲ እያልኩ በአፌ ሳመላልሰው ገባኝ። ነቀምቴ ነው። የወለጋዋ ነቀምቴ በካርቶን ቁራጭ ላይ ቆማ ታየችኝ፣ እዚያው ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሽማግሌው ሲመዝኑልኝ በጨዋታ መሃል ቃላቱ እርስ በርስ ይገጣጠማሉ። ፍሬውን እነሱ "ቡን" ይሉታል፣ እኛ ቡና። ሄል በእነሱም ሄል ነው። የጅዳ ሰው ሻይ አይልም፣ "ሻሂ" ነው የሚለው፣ እንደ እናቴ። ፊንጃን በእነሱ አፍ "ፍንጃል" ነው፤ ወሎ ቤታችን አያቴ ሲኒውን ፍንጃል ነበር የሚሉት። ቀይ ባሕር ሰፊ መስሎ ይታየኝ ነበር። ለነገሩ የየመን ቡና ወደ ሱዌዝ ሲጫን በዚሁ በጅዳ ወደብ ነበር የሚያልፈው። እዚህ አጠገብ ባለችው መካ ደግሞ በ1511 እንደ ፈረንጆቹ ኻኢር በይ የተባለ ሹም ቡና ይከልከል ብሎ ነበር፤ ካይሮ ያሉት የበላዮቹ ግን አላጸኑለትም። ቡና በዚህ አገር የቆየ እንግዳ ነው።

የገዛሁት ሁለት ኪሎ ጥሬ ሀረሪና ግማሽ ኪሎ ሄል ነው። ሄሉን ሽማግሌው በሁለት ሳህን አቀረቡልኝ፤ አንዱ የሕንድ፣ ሌላው የጓቲማላ። ዛሬ በዓለም ላይ ብዙውን ሄል ወደ ውጭ የምትልከው ጓቲማላ ናት። አረንጓዴነቱ ያልደበዘዘውን፣ በጥፍሬ ስሰነጥቀው ውስጡ ያለው ፍሬ ጥቁርና የሚያጣብቀውን መረጥኩ። ውስጡ ቡናማ ሆኖ የደረቀው ሽታው ሄዷል ብለውኛል።

ማክሰኞ ሌሊት፣ የመጀመሪያው ቆላ

250 ግራም ለክቼ ከአገር ያመጣሁትን ብረት ምጣድ ጣድኩ። እጄ የለመደውን ሠራ። ሲንጣጣ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ጨመርኩለት፣ አወጣሁት። ስመዝነው 207 ግራም ሆኗል። አብራኝ የምትኖረው የኬሚሴ ልጅ ከእንቅልፏ ተነስታ "እትዬ፣ ምነው በዚህ ሌሊት አቦል አማረሽ?" አለችኝ። ክፍሉ የአገራችንን ቤት ሸተተ።

ጠዋት ትንሽ በወረቀት ጠቅልዬ ለኻላ ወሰድኩላቸው። አልቀመሱትም። በመዳፋቸው ይዘው አሸተቱና "ይሄ ለቱርክ ቡና ይሆናል፣ ልጄ። ሄሉን ይገድለዋል" አሉኝ። ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። እኔ ግን ሌሊቱን ሁሉ ለጠፋው ፍሬ አዘንኩ። ደግሞም አልጠፋም፤ የኬሚሴዋ በጀበና አፍልታ ሦስት ቀን ጠጣነው።

ሐሙስ፣ ኻላ ቤት

ዛሬ ራሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው አስቆሉኝ። ኻላ ሰዓት አያዩም። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወንበር ላይ ሆነው ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው ነው የሚከተሉት። "አሁን ምን ይሸታል?" ይሉኛል። መጀመሪያ የእርጥብ ሣር ሽታ ነው። ፍሬው ቢጫ ሲሆን ሣሩ ይጠፋና እንደ ድርቆሽ ይሆናል። ከዚያ በድንገት የሚመጣውን ሽታ በዓረብኛ የምገልጽበት ቃል አጣሁ፤ በአማርኛ ግን ወዲያው መጣልኝ። የገብስ ቆሎ! ምጣድ ላይ ያለ የገብስ ቆሎ ሽታ ነው። "እሱ ነው፣ አውጪው" አሉኝ። አንድም ፍሬ አልተንጣጣም።

ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። እጄ ድምፁን ይጠብቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና ደረሰ የሚለኝ ጆሮዬ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ጆሮ ከሰማ ወዲያ አልፏል። በሰዓት ስይዘው ለ250 ግራም በመካከለኛ እሳት ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ሆነ። ክብደቱ 223 ግራም፣ ከአሥር አንድ ትንሽ አለፍ ያለ ነው የቀነሰው። የትናንት ወዲያው ከዚህ በእጅጉ ይበልጥ ቀንሶ ነበር። ቀለሙ የተቆላ ስንዴ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ቡና "ሸቅራ" ይሉታል፣ ጸጉሯ ወርቅማ ለሆነች ሴት የሚሉት ቃል ነው።

ሌላ የተማርኩት ነገር፦ ከምጣዱ ካወረድኩት በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ኻላ ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሼ በማራገቢያ እንዳናፍሰው አደረጉኝ፣ ገለባውም አብሮ በረረ። ትሪው ባይኖር ኖሮ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብሎ ማውጣት ያስፈልግ ነበር።

አርብ

ሙቀጫና ዘነዘና ሞከርኩ። የጠቆረ ቡና በሁለት ምት ይደቅቃል። ይህ ግን ውስጡ ገና ጠንካራ ስለሆነ እንደ ጠጠር እየፈናጠረ ወለሉ ላይ ተበተነ። በአንድ እጄ አፉን ከድኜ ሩብ ሰዓት ወቅጬ የወጣው ግማሹ ድፍን፣ ግማሹ ዱቄት ነው። ድሮ የእነሱም ሰዎች በነሐስ ሙቀጫ ይወቅጡት ነበር፣ የሚወቅጠው ሰው ዜማ ይሰጠው ነበር ይባላል፤ እኔ ዛሬ ለዜማው አልደረስኩም። ለድግሱ በለድ ወስጄ አስፈጨዋለሁ። ልኩ እንደ ቅንጬ ነው። እንደ ሽሮ ከደቀቀ ቡናው ደፍርሶ አይጠራም፣ ሲጠጣም ጥርስ ላይ ይቀራል።

እሑድ፣ አንደኛ አፈላል

አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ። የቧንቧውን አልተጠቀምኩም፤ ከባሕር ጨው ወጥቶለት የሚመጣ ነው፣ የኛ ሕንፃ ታንከር ደግሞ ሽታ አለው። አራት የሾርባ ማንኪያ ቡና፣ ሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ሄል፣ አምስት ቅርንፉድ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨምሬ ለሃያ ደቂቃ አንተከተክሁት። የወጣው መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ቅርንፉዱ ሁሉን ውጦታል፣ የሄሉ ምሬት እንጂ ሽታው የለም።

ስህተቱ የት እንደሆነ ወዲያው ታየኝ። ወጥ ቤቱ፣ ኮሪደሩ፣ ደረጃው ሳይቀር ሄል ሄል ይሸታል። ደላው ውስጥ መቅረት የነበረበት ሽታ በእንፋሎት ወጥቶ ሕንፃውን አጥኖታል።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ

ሄሉን ከእሳት ካወረድኩ በኋላ ጨመርኩ። ሌላ መጠጥ ሆነ። ቡናው ብቻውን በዝግታ ይንተከተካል፤ ነጣ ብሎ የተቆላ ፍሬ ጣዕሙን ቶሎ ስለማይሰጥ ጊዜ ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ ሳፈላው ውሃ ውሃ አለ። አሥራ አምስት ላይ ገብሱ፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለው የሐረር ፍሬ ጣዕም መጣ። ሃያ አምስት ላይ እንጨት እንጨት አለ። አሥራ ስድስት ደቂቃ ላይ ረጋሁ። በነገራችን ላይ ደሴ ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጅዳ ባሕሩ አጠገብ 100። የእናቴ ጀበና የሚወስደውን ጊዜ እዚህ መቁጠር እንደማይሠራ ያኔ ነው ያሰብኩት።

ከእሳት ሲወርድ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አተላው ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ሄል ፔርሙሱ ውስጥ ይደረግና ቡናው ቀስ ብሎ በላዩ ይገለበጣል። ዘፍራኑንም፣ ወርቅማ ቀለም የሚሰጠውን ቅመም፣ እዚያው። አንድ ቆንጥር፣ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ክር ቢሆን ነው። ክዳኑን ዘግቼ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ስቀዳው ቀለሙ ከገለባ ወደ ማር ተለውጧል። ቅርንፉዱን ከአምስት ወደ ሁለት አወረድኩት።

ኻላ ሲቀምሱ ምንም አላሉም። ሁለተኛ እንድቀዳላቸው ፍንጃሉን ዘረጉልኝ። ስለ ድሮው የነገሩኝን እዚህ ላስቀምጠው፦ አባታቸው በበረሃ ሳሉ ሦስት ደላ ነበር እሳቱ ዳር የሚቀመጠው። ትልቁ "ኸምራ"፣ የቀደመው ቡና አተላና ውሃ የሚከርምበት፤ መካከለኛው "ተልቂማ"፣ ከእሱ ተቀንሶ አዲሱ ቡና የሚፈላበት፤ ትንሹ "መዘላ"፣ ጠርቶ ለእንግዳ የሚቀዳበት። የደላው አፍ ውስጥ የተምር ዛፍ ቃጫ፣ "ሊፍ" የሚሉት፣ ይወተፍና ቅመሙን ያጠልላል። እኛ ጀበና አፍ ላይ ስክ የምናደርገው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ኻላ በጣም ደስ አላቸው። "ስክ፣ ስክ" እያሉ ቃሉን አጠኑት።

ረቡዕ

አጭር ነው፣ ግን አይረሳ። ሻሂ የነበረበት ፔርሙስ ውስጥ ቡና አድርጌ ሙሉ ሊትር ጣልኩ። በሳሙና አጥቤው ነበር፣ የጎማው ክዳን ግን ቀረፋውን ይዞ ቆይቷል። የቡና ፔርሙስ የቡና ብቻ ይሁን። ክዳናቸው ላይ ቀይ ክር አሠርኩባቸው።

ሁለተኛ ሳምንት፣ የዓደን ሻሂ

ሙሽሪት ሻሂ ትፈልጋለች፣ ወጣቶቹ ሁሉ እንደዚያው። ጅዳ ውስጥ ወተት ያለው ቅመም ሻሂ "ሻሂ ዓደኒ" ይባላል፣ በየመኖች በኩል ከዓደን የመጣ ነው። ባሕረ ሰላጤው ላይ፣ ዱባይና ዶሃ ያሉት ልጆች የሚነግሩን "ከረክ" የዚሁ ዘመድ ነው፤ ቃሉ "ከደክ" ከሚለው ሕንድኛ የመጣ ነው፣ ጠንካራ ማለት ነው። ሁለቱም የሕንድ ውቅያኖስ ሻሂ ናቸው።

እዚህ እጄ ቶሎ ለመደ፣ ቅመሙ የቤቴ ነውና። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፤ እናቴ በብልቃጥ የምታስቀምጠው የሻሂ ቅመም ይኸው ነው። ልዩነቱ የኛ ቀይ ሻሂ ቅመሙን በቀጭኑ ይይዛል፣ ይህ ግን ወተቱ ስለሚያለዝበው ቅመሙም ቅጠሉም እጥፍ ይሆናል። ለአንድ ሊትር ውሃ ስምንት የተፈረከሰ ሄል ከነቅርፊቱ፣ አራት ቅርንፉድ፣ የጣት ቁመት ያላት ቀረፋ። ይህ አሥር ደቂቃ ይፈላል። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የሻሂ ቅጠል፣ አምስት ደቂቃ። ከዚያ አንድ ትልቅ ጣሳ ወፍራም የቆርቆሮ ወተት፣ ስኳር፣ እና ረጅም ማንተክተክ። ለመገንፈል ሲነሳ አወርደዋለሁ፣ ሲረጋ እመልሰዋለሁ፤ ሦስቴ አራቴ። የሚፈለገው ቀለም እንደ ቀይ አፈር ሲሆን ነው። በትልቅ ጭልፋ ከፍ አድርጌ እየቀዳሁ መልሼ ሳፈሰው አረፋ ይይዛል፣ ጣዕሙም ይዋሃዳል።

የተበላሸው ዝንጅብሉ ላይ ነው። የኬሚሴዋ "ዝንጅብል ቢገባበት ጉሮሮ ያሞቃል" ብላኝ ፍሪጅ ካለው ወተት ጋር ጥሬ ዝንጅብል ከትፌ አብሬ ጨመርኩ። ሳይፈላ ተቋጠረ፣ አይብ ሆነ። ጥሬ ዝንጅብል ወተት የሚያረጋ ነገር በውስጡ አለው፤ መጀመሪያ በውሃው ብቻ ደህና አድርጎ ከፈላ ያ ኃይሉ ይሞታል። በማግስቱ ቅደም ተከተሉን ለውጬ ሠራሁት፣ አልተቋጠረም። ለድግሱ ግን ዝንጅብል አላስገባም። ኻላ አይወዱትም፤ ዋናዋ ባለ ድግስ ደግሞ እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛ ሳምንት፣ አቀዳድ

ይህን አውቀዋለሁ ብዬ ልዘለው ነበር። ከእኔ ጋር የምትቀዳው የኬሚሴዋ ስለሆነች ግን ክፍላችን ውስጥ ውሃ እየቀዳን ተለማመድን። ለአዲስ ልጅ የሚከብደውን ልጻፍ።

ደላው በግራ እጅ፣ ፍንጃሉ በቀኝ። ለቡና ቀጂ ከባዱ የግራ እጅ ነው፣ ሙሉ ደላ ለሰዓታት አንጓ ይበላል። ፍንጃሎቹ አንዱ በአንዱ ተደራርበው በቀኝ መዳፍ ይያዛሉ፣ ከላይኛው ላይ ይቀዳና በቀኝ ይሰጣል። የደላው አፍ ፍንጃሉን ቀስ ብሎ ሲነካው ኪል ይላል፣ እንግዳዋም በወሬ መሃል ቡና እንደቀረበላት በዚያ ድምፅ ታውቃለች። ከሁሉ በፊት ለትልቋ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ።

ልኩን ደጋግሜ አሳየኋት። የፍንጃሉ ሩብ ቢበዛ ሲሶ ነው የሚቀዳው። እኛ አገር ሲኒ ጎድሎ ከቀረበ ስስት ነው፣ እስከ አፉ ይሞላል። እዚህ ሙሉ ፍንጃል "ጠጥተሽ ሂጂ" ማለት ነው፣ ሰው ያስቀይማል። ትንሽ የሚቀዳው እንዳይቀዘቅዝና ቀጂዋ ደጋግማ እንድትመለስ ነው፤ እንግዳ አጠገብ ብዙ ጊዜ መመለስ ራሱ ክብር ነው። የበቃት ፍንጃሉን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጋ ትመልሳለች። ካልነቀነቀች ይቀዳል። አገሬ ሳለሁ በረካን ሳይጠጣ የሚነሳን ሰው እናቴ እንዴት እንደምትለምን ትዝ ይለኛል፤ እዚህ ደግሞ ከሦስት ማለፍ ብዙም አያምርም።

ኻላ ለፍንጃሎቹም ስም አሏቸው፦ ሀይፍ፣ ደይፍ፣ ከይፍ፣ ሰይፍ። ሀይፍ ባለቤቱ እንግዳው ፊት ራሱ የሚቀምሰው ነው፣ ምንም እንደሌለበት እንዲታመን። ደይፍ የእንግዳው። ከይፍ የደስታው። ሰይፍ አራተኛው ነው፤ እሱን የጠጣ ከባለቤቱ ጋር በክፉ ቀን ሰይፍ ሊያነሳ ቃል ገባ ማለት ነው። የበረሃ ሰው ሕግ ነው። በ2015 እንደ ፈረንጆቹ የዓረብ ቡና በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ የልግስና ምልክት ተብሎ ነው የተመዘገበው። አቀዳዱን ስሠራው ኖሬ፣ ስም ያለው ነገር መሆኑን ከኻላ ስሰማ ለሥራዬ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ማክሰኞ፣ የመጨረሻው ሳምንት

ስሌት። አርባ ሴት፣ ለእያንዳንዷ ሦስት ፍንጃል፣ በፍንጃል 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። 3.6 ሊትር ይሆናል። ድግሱ አራት ሰዓት ስለሚቆይና ዘግይቶ የሚመጣ ስለማይጠፋ ስድስት ሊትር አፈላለሁ። ሻሂ አራት ሊትር። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና በአራት ዙር ቆላሁ፤ ምጣዴ ከ250 ግራም በላይ እኩል አያበስልም። ቀለሙ አንድ ዓይነት እንዲሆን ሁለተኛውን ዙር ለብቻ አስቀመጥኩት፣ ጠቆር ብሎብኛል። በለድ ያሉት ሽማግሌ ፈጩልኝ፣ ወፍጮውን ቀድመው በጥቂት ቡና አጠቡልኝ፣ የከሙን ሽታ እንዳይነካው።

ተምሩን ኻላ ራሳቸው ያመጣሉ፤ ከቀሲም ሱከሪ፣ ከመዲና ዓጅዋ። ስኳር የሌለው ቡና ያለ ተምር ግማሽ ነው።

ሐሙስ፣ ድግሱ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የምጽፈው፣ እግሬን ውሃ ውስጥ አድርጌ።

ትልቁ ድስት አስቸገረኝ። ስድስቱን ሊትር በአንድ ላይ ላፈላ ነበር ሐሳቤ፣ ግን ለመፍላት ብቻ ሰላሳ ደቂቃ ሊወስድ ሲል ግማሹን ቀንሼ በሁለት ዙር አደረግኩት። የመጀመሪያው ሦስት ሊትር በአሥራ ስድስት ደቂቃ እንደ ልምምዱ ወጣ። ትልቅ ድስት ሙቀቱን ስለሚይዝ ግን ካወረድኩት በኋላም መንተክተኩን አላቆመም፤ አምስት ደቂቃ ሳልጠብቅ በነጭ ጨርቅ እያጠለልኩ ወደ ፔርሙሶቹ ገለበጥኩት። ደህና አድርጌያለሁ። ሁለተኛው ዙር እንግዶች ገብተው ስለነበር ተጣደፍኩ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ አወረድኩት። ቀጠነ። እሱን ለመጨረሻው ሰዓት አቆየሁት፤ ከጣፋጩ በኋላ ስለሚጠጣ ቅጥነቱ አይታወቅም ብዬ ነው። አንዲት ሴት ግን አወቁት። "የመጀመሪያው ይሻል ነበር" አሉኝ በቀስታ። ልክ ናቸው።

ከእንግዶቹ በፊት ኻላ ባዶው መጅሊስ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። "ሀይፉን አምጪልኝ" አሉኝ። ቀዳሁላቸው፣ ሩብ። ፉት አሉና ፍንጃሉን ሁለት እጃቸው መሃል አድርገው ወደ ውስጡ አዩ። "እናቴ ይህን ያህል ሄል አታደርግም ነበር" አሉ። ልቤ ወረደ። "ሄል አጥታ ነው። ብታገኝ ይህን ያህል ታደርግ ነበር" ብለው መለሱልኝ ፍንጃሉን፣ ሳይነቀንቁ።

ሻሂው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አለቀ፣ ወጣቶቹ ጨረሱት። ሙሽሪት ፎቶ ስትነሳ በእጇ የነበረው የሻሂ ብርጭቆ ነው።

አርብ ጠዋት

ከፔርሙሱ ግርጌ ግማሽ ሊትር ያህል ቀርቷል። ያደረ ቡና ዘፍራኑ ብቻ ነው የሚጎላው፣ ሄሉ ደብዝዟል። የኬሚሴዋና እኔ ከቀረው ተምር ጋር ጠጣነው፣ ከዚያ እሷ ጀበናዋን ጣደች።

ለሚቀጥለው ጊዜ የያዝኩት፦ ሁለተኛ ድስትና ሁለተኛ ምድጃ ከባለ ድግሷ እጠይቃለሁ፣ ሁለቱ ዙሮች አብረው እንዲጣዱ። ከስድስት ሊትሩ 5.5 ገደማ ስለተጠጣ ለሰው 140 ሚሊ ሊትር ነው የምይዘው። ሻሂው ለአርባ ሰው አምስት ሊትር ይሁን። ከትናንቶቹ እንግዶች አንዷ ስልክ ቁጥሬን ወስደዋል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰባ ሰው አላቸው፣ ቡናቸውን በኸውላኒ ነው የሚፈልጉት። ፍሬው ከሀረሪ ያነሰ ስለሆነ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩሉ አይሠራለትም ብለውኛል ሽማግሌው። እሑድ ሩብ ኪሎ ገዝቼ የገብስ ቆሎው ሽታ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚመጣ አያለሁ።